ቀልብና ከልብ

ለእታለሜ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤና ሆነሽ፣ ልጆችሽን ግራና ቀኝ አስቀምጠሽ፣ ፊትሽ ፈክቶ ያግኝሽ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ያ የስፌት መኪና ፔዳሉ ሲረገጥ አሁንም ያቃስታል ወይስ አሠራሽው? ትልቋ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ ጫማውን ግራና ቀኝ አዘዋውሮ ማጥለቁን ተወ ወይስ ባሰበት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የቀለሙ ሽታ አንዳንዴ ራሴን ያዞረኛል እንጂ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም የለብኝም። የናፍቆቱን ነገር ተይው፤ ወረቀት አይበቃውም።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብቢው። ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ አሁኑኑ እጠፊውና ጉያሽ ውስጥ ሸጉጪው፣ እስኪሄድ ድረስ ስለ ኑሮ ውድነት አውሪ። ያመጣችልሽ ሴትዮ የሥራ ልብሳችንን የምታጥብልን ናት፤ ልጇን ልታርስ ወደ እናንተ ከተማ ስትነሳ አገኘኋት። ምን እንደያዘች አታውቅም። አመስግነሽ ሸኛት፣ ሌላ ምንም አትጠይቂያት።

በፖስታ ያልላኩበትን ምክንያት ራስሽ ነግረሽኛል። «ደብዳቤዎቼን ከፖስታ ቤት የሚያስመጣልኝ እሱ ነው፤ ፀሐይ ላይ መሰለፍ ቀረልኝ» ብለሽ ስለ እጮኛሽ ጽፈሽልኝ የለ? ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጻፍኩልሽ። አንዱንም አልመለስሽልኝም። አንቺ ደግሞ ደብዳቤ ሳትመልሺ የምትከርሚ ሴት አይደለሽም። እንዳልደረሰሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስለ ሠርግሽ የነገርሽኝ ግን ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነበው አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ባልሽ ጋሼ ከነመርከቡ ሰጥሞ ሞተ ከተባለ ወዲህ ጥቁር ከላይሽ ሳይወርድ ኖረሻል፤ ፎቶግራፍ ስትልኪልኝ እንኳ ከልጆቹ ኋላ ተደብቀሽ ነው። «ሰው አገኘሁ» አልሽኝ። «ደግ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲያወራ ልጆቹ ሁሉ ተጠግተው ነው የሚሰሙት፤ ቅርንፉድ ከአፉ አይጠፋም፤ እሱ ከሄደም በኋላ ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» አልሽኝ። የመርከብ ድርጅቱ ወኪል መሆኑን፣ ያን ክፉ ዜና ይዞልሽ የመጣውም እሱ መሆኑን ነገርሽኝ። እሱም ቢሆን አልከበደኝም። እንባሽን አይቷል፣ ስለዚህ ይጠነቀቅልሻል ብዬ አሰብኩ። ለሥራ ወደ ወደብ እየተመላለሰ እንደሚኖር ስትጽፊ ጭራሽ፣ አንድ ቀን እዚህ አገኘውና ምሳ እጋብዘዋለሁ ብዬ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ላውራሽ። ይሄ ሰው ደግሞ ስለ ቀለም ሊጀምር ነው ብለሽ አትሳቂብኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የምሠራበትን ቦታ አይተሽው አታውቂም። መርከቧ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ውኃው በፓምፕ ይመጠጣል፤ እሷ እስከ ሆዷ ድረስ ራቁቷን ትቆማለች። ዝገት ጠራጊዎቹ ይፍቋታል፣ በያጆቹ የተበላውን ብረት ይለውጣሉ፣ ቀቢዎቹ ይቀቧታል። መጨረሻ ላይ እኔ እመጣና ስሟን እጽፋለሁ። ፊቷ ላይ በግራም በቀኝም በላቲን ፊደል፣ ኋላዋ ላይ ደግሞ ባለቤቶቹ በሚፈልጉት ቋንቋ። መወጣጫ ላይ ቆሜ በጠመኔ እነድፋለሁ፤ በያጁ የጠመኔውን መስመር ተከትሎ በብየዳ ከፍ ያለ የብረት ስፌት ያወጣበታል፤ እኔ በላዩ ቀለም አለብሳለሁ። ስፌቱ የሚሠራው ቀለሙ ቢላጥም ስሙ እንዳይጠፋ ነው። አንቺ ጨርቅ ላይ እንደምትጠልፊው በይው። ስም ሲለወጥ አሮጌው ስፌት በማሽን ተሞርዶ ይጠፋል፤ የተቻኮለ እጅ ከሞረደው ግን ጠባሳው ይቀራል፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ይታያል።

በቅርቡ አንዲት አሮጌ የጭነት መርከብ ገባች። ኋላዋ ላይ በዓረብኛ «ቀልብ አልባሕር» ይላል። የባሕር ልብ።

አዎ፣ እታለሜ። ያው ስም። እኔም ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ግን እንዲያ የሚባል መርከብ አንድ ብቻ መሆን የለበትም አልኩ፤ ሞክሼ ሰው ላይ ብቻ ነው እንዴ ያለው? ደግሞም ፊቷ ላይ በላቲን የተጻፈው የጋሼን መርከብ አይመስልም። የጋሼ በ«ኪው» ነበር የምትጀምረው። ይህቺ በ«ጂ» ነው፦ «ጋልብ ኤል ባሃር»። ወረቀቷም በዚያው ነው፣ ባንዲራዋም የሌላ አገር። ስለዚህ እንደ አጋጣሚ ቆጥሬው ያኔውኑ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ «ስሟን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ» ብዬ። በፖስታ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመርከቧ ወኪል መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በዚያ ሁሉ ዝገት መሀል አንዲት ጠብታ ያልነካችው ሰው። ፎርማናችን ሲያነጋግረው ጎንበስ ብሎ ነው። ለምን እንደጎነበሰ የገባኝ ስጠጋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም። ካልተጠጉት አይሰማም። ስጠጋ ደግሞ ቅርንፉድ ሸተተኝ።

ያን ጊዜ እንኳ ክፉ አላሰብኩም። አማቼ ሊሆን ነው ብዬ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ራሴን ላስተዋውቅ ስል ስለ መርከቧ ስም ማውራት ጀመረና እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ፊቷ ላይ ያለው «ጂ» ይሞረድና በ«ኬ» ይጻፍ አለ። «ካልብ»። ፎርማኑ፣ ስሙ ሊለወጥ ነው ወይ፣ ከሆነ የወደቡ ፈቃድ ያስፈልጋል አለው። ወኪሉ ሳቀ።

«ምኑ ተለወጠ?» አለ። «ዓረብኛውን እንደሆነ አልነካሁትም። ቃሉ ያው ነው። እኛ ‹ቀ› አለን፣ ዓረቦች ‹ቃፍ› አላቸው። እንግሊዝ ግን ጉሮሮው እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ለዚህ ድምፅ የሚሆን ፊደል የለውም። ስለዚህ አንዱ ‹ኪው› ይጽፍለታል፣ ሌላው ‹ኬ›። በረሃ ያሉት ዓረቦች ራሳቸው ‹ገ› ብለው ነው የሚያወጡት፣ እነሱን የሰማ በ‹ጂ› ይጽፋል። በሌላ ከተማ ደግሞ ጭራሽ ይውጡትና ‹አልብ› ይላሉ። ‹አል›ን አንዱ ‹ኤል› ይለዋል። አጭር አናባቢ በዓረብኛ ስለማይጻፍ ጸሐፊው ጆሮው እንደነገረው ይሞላዋል። ‹ሐ›ና ‹ሀ› ለእንግሊዙ አንድ ናቸው። ፈረንሳይ ያስተማረው በፈረንሳይ ልማድ ይጽፋል፣ እንግሊዝ ያስተማረው በእንግሊዝ። አንድን ሰው በአባቱ ፓስፖርት እንዲህ፣ በራሱ ፓስፖርት እንዲያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ትክክል ነው።»

ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ከቦ ሰማው። አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ተማሪ የሚወደው ዓይነት ነበር። እኔም ወደድኩት፣ አልዋሽሽም። ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት የለም፤ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያን ቀን ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ መዝገብ የሚፈትሽ ሰው ቃል አይሰማም፣ ፊደል ነው የሚያየው። በ«ኪው» ያለችው ሰጥማለች ተብላ ተዘግታለች። በ«ጂ» ያለችው ሌላ መርከብ ናት። በ«ኬ» ያለችው ደግሞ ገና ልትወለድ ነው። አንቺ ያን ጊዜ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቺ ማን አግኝቶ ይንገርሽ?

በማግስቱ ፊቷ ላይ ወጥቼ የ«ጂ»ውን ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይዋ ከጎን ትመጣለች። ከ«ጂ»ው ሥር የሌላ ፊደል ጠባሳ ታየኝ። ክብ ነው። ከክቡ ሥር ጅራት አለው፤ ጅራቱ ወደ ውጭ መሄድ ሲገባው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

እታለሜ፣ ያን ጅራት እኔ ነኝ ያጠፍኩት።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በዚያች ትንሽ ወርክሾፕ ስሠራ ጋሼ ለመርከቡ ስም ጸሐፊ ተፈልጎ እኔን እንዳስቀጠረኝ ታስታውሻለሽ። ሁለት ብረቶች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ደርሼ የ«ኪው»ው ጅራት የሚያርፍበት አጣሁና ወደ ውስጥ መለስኩት። ካፒቴኑ ተቆጣ። ጋሼ ግን ከታች ቆሞ ቀና ብሎ አየና «ተዉት፣ ጅራቷን ጠቅልላ የተኛች ድመት መስሏል፤ ባሕሩን ታስተኛዋለች» ብሎ አሳቃቸው። በያጁም በዚያው በየደው። በዓለም ላይ እንዲያ ያለ «ኪው» ሌላ አይገኝም።

እጄን ጫንኩበት። ብረቱ ገና በፀሐይ አልሞቀም ነበር። ሰጠመች በተባለች መርከብ ላይ እጄን ጭኜ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በያጁ ከታች «ወንድሜ፣ አዞረህ እንዴ?» ብሎ ሲጮህ ነው የነቃሁት። አዎ አዞረኝ አልኩት።

ሰጥማ ከሆነ እዚህ ምን ትሠራለች? ካልሰጠመች ጋሼ የት ነው? ቀኑን ሙሉ ይህንን ብቻ ነበር የማስበው። ሳልደብቅሽ፣ ደስታም ነበረበት። አንድ ቦታ፣ በሕይወት ይኖር ይሆናል አልኩ። ያን ደስታ አንቺ ላይ አላጋባውም፤ ስለዚህ ቶሎ ልጨርስልሽ።

መርከቧ ላይ ከድሮዎቹ የቀሩት ምግብ አብሳዩ ብቻ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው «አባ ጨው» ይላቸዋል፣ እጃቸው ጨው ላይ ስለማይመለስ። ሾርባቸውን የጠጣ ሰው ባሕሩን ያማል። እኔ ጨው እወዳለሁ ብዬ ተጠጋኋቸው። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በመርከቧ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሲያንቀላፋ፣ እሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ ስሙ ነበር የጠየቅኳቸው። ዓረብኛ የአፍ መፍቻቸው ነው፤ አማርኛውን ወደብ ለወደብ ነው የለቀሙት።

«በቃፍ ሲሆን ልብ ነው» አሉኝ። «በካፍ ሲሆን ውሻ ነው። የባሕር ውሻ ብለን የምንጠራው ዓሣ አለ፣ ሰው የሚበላው፣ ሻርክ የምትሉት። አሁን የምትጽፍባት ‹ኬ› ለኛ ጆሮ እሱን ነው የምትለው።» ሽንኩርቱን አዩት። «አሁን ገና ስሟን አገኘች» አሉ። የሳቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

እኔ ግን ሳላስበው ሳቅሁ። በእኛም እኮ ያው ነው፤ ድሮ በትምህርት ቤት በግዕዝ «ከልብ» ማለት ውሻ ነው ሲሉን ስንት ቀን እርስ በርስ እንደተሳደብንበት ትዝ አለኝ። በአማርኛ ግን «ከልብ» ስንል ከልባችን ማለታችን ነው። ወዲያው ደግሞ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ «ሲጽፍልኝ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ‹ከልብ› ብሎ ነው የሚፈርመው» ብለሽ ስለ እጮኛሽ የጻፍሽው። ሳቄ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ መርከቧ መካኒክ፣ ስለ ጋሼ የጠየቅኳቸው። የሚስቱ ወንድም ነኝ አላልኩም፤ አንድ መካኒክ ነበር አሉ፣ ሲሠራ የሚዘፍን፣ አልኩ። ቢላውን አስቀመጡ። ወደ መሰላሉ ዞረው አዩ፣ ማንም የለም።

ማዕበል የሚባል ነገር አልነበረም አሉኝ። ባሕሩ እንደ ሳህን ዝርግ ብሎ ነበር። መርከቧን ሰው በሌለበት የባሕር ጥግ አቁመው ፊደሏን ቀየሩ። ሠራተኛውን አንድ በአንድ እየጠራ ያነጋገረው ወኪሉ ነው። መርከቧ ሰጥማለች ይባላል፣ ባለቤቶቹ የኢንሹራንስ ካሳ ይቀበላሉ፣ እናንተም ወደ ሌላ ወደብ ትሄዳላችሁ፣ ይከፈላችኋል፣ አፋችሁን ትይዛላችሁ። ሁሉም እሺ አለ። ብቸኛ፣ ብዙ ቤተሰብ የሌለው ሰው እየመረጡ ነበር የቀጠሩት። አንድ ብቻ እንቢ አለ። «ሚስቴ በቁሜ ታልቅስልኝ? ልጆቼ አባታችሁ ሞተ ተብለው እኔ በሕይወት ልቆይ?» አለ። ወኪሉ አልተቆጣም። ልክ ነህ፣ አንተን አልጫንህም፣ ና ወደ የብስ ላድርስህ፣ በጸጥታ አገርህ ግባ አለው።

«ጠዋት ነበር» አሉኝ አባ ጨው። «በትንሿ ጀልባ ሁለት ሆነው ወረዱ። መካኒኩ ደስ ብሎት ነበር። ከታች ሆኖ ‹ደህና ጨው እልክልዎታለሁ› ብሎ ቀለደብኝ። ምሳ ሳቀርብ ወኪሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርጥብ ነው። ሾርባውን ጨርሶ ጠጣው፣ ደግሞ ጨመረ።»

መካኒኩስ አልኳቸው።

ቢላውን አንስተው ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጪና ውኃ ጠጪ። እኔም ተነስቼ ትንሽ ተራምጄ ነው የመጣሁት።

አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ እሱን ባይነግሩኝ ይህን ያህል ባልቸኮልኩ። ወኪሉ ሲፈራ ያዩት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። «ያ ሰው ለሚስቱ ይጽፍ ነበር? ምን ብሎ ጽፏል?» እያለ የቀረውን ሰው ሁሉ ለብቻ ለብቻ ጠይቋል። አንቺስ ምን ነበር የጻፍሽልኝ? «የድሮ ደብዳቤዎቹን አንብቢልኝ ይለኛል፤ ስለ መርከቡ ያለውን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?» አልሽኝ። እኔና አንቺ በነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ምን እንዳለ እናውቃለን፤ ጋሼ ስለ ልጆቹ ጥርስና ስለ ራሱ ካልሲ እንጂ ስለ ሥራው አንዲት መስመር አይጽፍም ነበር። ያ ሰው ግን አያውቅም። ገና አልጨረስሽለትም። አንብበሽ ስትጨርሺለት ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የወደቡ ተቆጣጣሪ ሊያያት እንደሚመጣ ስሰማ፣ ያንን «ኬ» ጻፍኩት፣ በሥሩ ያለውን ጠባሳ ግን በያጁ እንዳይሞርደው ለመንኩት፣ እኔም በስሱ ቀባሁት። በያጁ ሁሉንም ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ፣ እንደ ወንድም ነው። ተቆጣጣሪው በጠዋት መጣ። ፀሐይዋ ከጎን ነበረች። መወጣጫው ላይ ወጣ፣ ወኪሉ ከኋላው። ተቆጣጣሪው ሲያልፍ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ጣቱን በዚያ በታጠፈው ጅራት ላይ እያስኬደ ክቡን ዞረው። ይህ ምንድን ነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«የድሮ ስሟ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ከታች ያለው ሁሉ እንዲሰማ። «በ‹ኪው› ነበር የምትጻፈው።»

ወኪሉ አንድ ነገር አለ። ተቆጣጣሪው ሊሰማው ጎንበስ አለ። ሰው ሁሉ ለዚያ ድምፅ መጎንበሱ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ተቆጣጣሪው መነጽሩን መለሰና «ወፍራም አድርገህ ቀባው፣ ብረቱ እንዳይዝግ» ብሎኝ ወረደ። ወኪሉ ግን ወዲያው አልወረደም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ቀጥ ብሎ አየው።

ትናንት ከሰዓት ብሩሽ ሳጥብ መጣ። አጠገቤ ያለው በርሜል ላይ መሀረብ አንጥፎ ተቀመጠ። «እህትህ እጁ ወርቅ ነው ትለኝ ነበር፣ እውነቷን ነው» አለኝ። የማን ወንድም እንደሆንኩ እዚህ ማንም አልነገረውም። ዘመድ ልንሆን ነው አለኝ። ልጆቹን እያነሳ፣ ስለ ትንሹ ጫማ ሳይቀር እያወራ ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ስሟን ስታይ ልብህ ቀጥ አለ አይደል?» አለኝ።

ለማንም ያላልኩት ቃል ነው፣ እታለሜ። ላንቺ ብቻ የጻፍኩት።

መርከቧ ዛሬ ማለዳ ከገንዳው ወጥታ ከወደቡ ውጭ ቆማለች። በባሕሩ በኩል ያለው ስሟ ግን አላለቀም፤ ሆን ብዬ ነው ያጓተትኩት። ቀለሙ ቀጠነ አልኩ፣ ብሩሹ ተበላሸ አልኩ፣ አንድ ፊደል ጠማማ ወጣ ብዬ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ፎርማኑ ሲሰድበኝ ነው የከረመው። ስሟ ሳያልቅ አትሄድም፤ እሷ ሳትሄድ ደግሞ እሱ ወደ አንቺ አይነሳም። እስካሁን ያቆየሁት እንዲያ ነው። አሁን እሱም ሰለቸው መሰለኝ። ነገ ጠዋት አንተና እኔ በትንሿ ጀልባ ሄደን እንጨርሳታለን አለኝ። በያጁን ይዤ ልምጣ ስለው፣ ጀልባዋ ትጠባለች፣ ሁለት ሰው ይበቃል አለ። እግረ መንገዳችንን ስለ ሠርጉ እናወራለን አለኝ።

እሺ አልኩት።

ለምን እሺ አልክ ብለሽ አትቆጪኝ። እንቢ ብል ዛሬውኑ አውቶቡስ ይሳፈርና ካንቺ ደጃፍ ነው የሚወርደው፣ ይህች ሴትዮ ሳትደርስልሽ። እሺ ብል ግን ነገም እዚህ ነው። ደግሞም ጋሼን የት እንዳደረገው ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ባሕር ላይ፣ ሁለት ብቻ ስንሆን፣ የሚነግረኝ ይመስለኛል። የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ልጆቹን ታመሙ ብለሽ ከትምህርት ቤት አውጫቸው። ወደ አክስታችን ዘንድ ሂጂ፤ የት እንደሆነች አልጽፈውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሱ ግን አያውቅም። ሻንጣ ይዘሽ አትውጪ። ለራስሽ የምትሰፊውን ቀሚስ መኪናው ላይ እንደተሰካ ተይው፣ ድስት እሳት ላይ ጥለሽ የወጣሽ ይመስል፤ ለሚያይ ሰው ልትመለሺ ነው የምትመስዪው። የጋሼን ደብዳቤዎች ግን አንዱንም ሳታስቀሪ ያዢ። ለጎረቤት እንኳ አትሰናበቺ። እኔን ፍለጋ ወደዚህ አትምጪ፣ በዚህ አድራሻም አትጻፊ።

በያጁ ጊዜ ሲያገኝ አክስታችን ዘንድ ይመጣልሻል፤ ቦታውን በቃል ነግሬዋለሁ። የክረምት ካፖርቴንና ብሩሾቼን ያመጣልሻል። ብሩሾቹ ለትልቋ ይሁኑ፤ የላከችልኝን ጽሑፍ አይቻለሁ፣ እጇ ይታዘዝላታል። ካፖርቱን ለትንሹ አሳጥሪለት። አሁን ትንሽ ይሰፋዋል፤ እጅጌውን አትቁረጪው፣ ወደ ውስጥ እጠፊለት፣ ሲያድግ ታወርጂለታለሽ።

ፈጣሪ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። የምትረግጪው መንገድ ይጥራልሽ፣ የምታንኳኪው በር ይከፈትልሽ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። እናታችን በሕይወት ኖራ ብትመርቅሽ የምትለውን ሁሉ እኔ ልበልሽ፦ እርጂ፣ ሽምግልናሽ የሳቅ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ